በተረት ክፉ ስም የወጣለትን ሎኩም በጎጃም ማዕድ ቤት ስለ መሥራት

ይህ መመሪያ የተጻፈው በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በሌላ የጎጃም ከተማ ለሚኖሩ ወላጆችና አስተማሪዎች ሲሆን፣ በተለይም ልጆቻቸው የናርኒያን ተረት አንብበው ወይም ፊልሙን አይተው «ያ ልጅ ወንድሙንና እኅቶቹን አሳልፎ ሊሰጥበት የደረሰው ጣፋጭ ምንድን ነው?» ብለው ለጠየቋቸው ነው። ጣፋጩ የቱርኮች ሎኩም ነው። ለመሥራት የሚያስፈልጉት ስኳር፣ የበቆሎ ስታርች፣ ውሃና ሎሚ ሲሆኑ፣ ከዕቃው ይልቅ የሚቸግረው አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ የሚያማስል ክንድ ማግኘቱ ነው።

ወደ ምድጃው ከመሄዳችን በፊት ለልጆቹ የሚነገረውን ነገር ማስቀደም ይገባል፤ ሎኩም በዓለም ልጆች ዘንድ ክፉ ስም ያገኘው በቱርክ ሳይሆን በእንግሊዝ አገር በተጻፈ ተረት ነውና። ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ ከለንደን የአየር ድብደባ ሸሽተው ወደ ገጠር የተላኩ አራት ልጆች በአንድ ቁም ሣጥን በኩል አልፈው በረዶ ወደ ሞላበት ሌላ ዓለም ይገባሉ። ከአራቱ አንዱ ኤድመንድ ብቻውን ሳለ ንግሥት ነኝ የምትል ጠንቋይ ታገኘዋለች፤ ምን መብላት እንደሚወድ ትጠይቀውና ሎኩም ሲላት፣ ከጠርሙስ አንዲት ጠብታ በበረዶው ላይ አንጠባጥባ በአረንጓዴ የሐር ጥብጣብ የታሰረ ክብ ሣጥን ታስገኝለታለች። ልጁ እየበላ ስለ ወንድሙና ስለ እኅቶቹ የጠየቀችውን ሁሉ ይነግራታል። ጣፋጩ አስማት የተደገመበት ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ የቀመሰው ሰው ካልከለከሉት እስኪሞት ድረስ ሲበላ ይኖራል። ጠንቋይዋም ሌላ የምትሰጠው ሦስቱን ይዞ ከመጣ ብቻ እንደሆነ ትነግረዋለች፤ በኋላ ብቻውን ተመልሶ ሲመጣ የሚቀርብለት ግን ደረቅ ዳቦና ውሃ ነው።

ዛሬ ያለ ልጅ «ለጣፋጭ ብሎ?» ብሎ ሊስቅ ይችላል። በእንግሊዝ ጣፋጭ በራሽን መታደል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ በ1949 ለጥቂት ወራት ተለቅቆ እንደገና ወደ ራሽን ከተመለሰ በኋላ ራሽኑ ፈጽሞ የቀረው በ1953 ነበር። ስለዚህ መጽሐፉ ሲወጣ ያነበቡት ልጆች ሣጥን ሙሉ ሎኩም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁ ነበር።

የጎጃም አንባቢ ደግሞ ይህን ታሪክ ለመረዳት የእንግሊዝን ራሽን ማወቅ እንኳ አያስፈልገውም። በምግብ ውስጥ ተደርጎ ስለሚሰጥ መስተፋቅር፣ «አብልታው ነው እንጂ እንዲህ አይሆንም ነበር» ስለሚባልለት ባል፣ «ከማታውቀው ሰው እጅ አትብላ» ስለሚባል ልጅ ያልሰማ ማን አለ? እኔ ለልጆች ባስረዳ የማሳያቸው ግን ከአስማቱ ይልቅ የአቀራረቡን ነውር ነው። ጠንቋይዋ ሣጥኑን ለልጁ ሰጥታ ትጠይቃለች እንጂ ከሣጥኑ አንድ እንኳ አንስታ ስትቀምስ አናያትም። በአገራችን ጠላ ወይም ጠጅ የሚቀዳ ሰው ለእንግዳው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ራሱ ይቀምሳል፤ ይህን ሲያይ ያደገ ሰው የበረዶዋ ንግሥት መስተንግዶ ከመጀመሪያው እንደማያምር ይገባዋል። ሎኩሙ በበኩሉ በደል የለበትም። በኢስታንቡል ሐጂ በኪር የተባለው ጣፋጭ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1777 ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ የከተማው ሰው ከቡና ጋር ሲያቀርበው ኖሯል፤ በግሪክ አቶስ ተራራ ያሉ የኦርቶዶክስ ገዳማትም እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ከቡናና ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ይሰጡታል።

ዕቃው

ከታች ያለው ልክ በጎንና በጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ትሪ ወደ 100 የሚጠጉ ትንንሽ ቁራጮች ያወጣል። 800 ግራም ስኳር፣ 130 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ ለስኳሩ 350 ሚሊ ሊትር፣ ለስታርቹ ደግሞ 700 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተጠለለ የሎሚ ጭማቂ ያዘጋጁ። ለመንከባለያ አንድ ብርጭቆ የዱቄት ስኳርና ግማሽ ብርጭቆ ስታርች ለብቻ ይቀመጥ። ለውዝ የሚወዱ ሰዎች 150 ግራም ያህል ቆልተውና ገለባውን አራግፈው ሊጨምሩበት ይችላሉ፤ ቱርኮች ፒስታቺዮና ሐዘልነት ያደርጉበታል፤ የእኛው ለውዝም አያሳፍርም።

ጎጃም በቆሎ የሚታፈስበት አገር ስለሆነ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። የበቆሎ ዱቄትና የበቆሎ ስታርች አንድ አይደሉም። ዱቄቱ ገለባውን፣ ስቡንና ፕሮቲኑን እንደያዘ የተፈጨ ሲሆን፣ ስታርቹ ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ የወጣ፣ በጣት ሲሹት እንደ መንሸራተት የሚል ነጭ ነገር ነው። በዱቄት የተሠራ ሎኩም ብርሃን የማያሳልፍ፣ ምላስ ላይ የሚሻክር ይሆናል። በሱፐርማርኬት ስታርቹ «ኮርን ፍላወር» ተብሎ ሊሸጥም ስለሚችል፣ ከስሙ ይልቅ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ዝርዝር ማንበብ ይሻላል። ስታርች ያጣ ሰው ድንች ፍቆ፣ በውሃ አጥቦና አዝቅጦ ሊያወጣ ይችላል፤ የድንቹ ይበልጥ የጠራ ሎኩም ይሰጣል፣ ነገር ግን ይለሰልሳል፣ ይጣበቃልም።

በአንዳንድ የአሠራር ጽሑፎች ጄላቲን ተጨምሮ ይገኛል። ጊዜ የሚቆጥብ ቢሆንም ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ስለሆነ የጾም ምግብ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ከዓሣማ ስለሚሠራ ለሙስሊም እንግዳ ማቅረብ አይቻልም። በስታርች የተሠራው ሎኩም ግን ሥጋም ወተትም ዕንቁላልም የለበትምና በዐቢይ ጾም መካከል እንኳ ከቡና ጋር ይቀርባል። በጎጃም ቤት ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

«የጎጃም ማር እያለ ስኳር ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ቱርኮችም የተጣራ ስኳር እንደ ልብ ሳይገኝ በፊት በማርና ተፈልቶ በወፈረ የወይን ጭማቂ ይሠሩት እንደነበር ይነገራል። ችግሩ ጥሬ ማር ውስጥ ስታርችን እየቆራረጠ የሚያቀጥን ኢንዛይም መኖሩ ነው፤ ማር በመጨረሻ ላይ የተጨመረበት ሎኩም ሳይረጋ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከስኳሩ 100 ግራም ብቻ ቀንሶ በምትኩ ነጭ ማር ማድረግ፣ ያንንም ከስኳሩ ጋር አብሮ ማፍላት ይገባል። ፍላቱ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ከዚያ በላይ የተጨመረ እንደሆነ ማሩ እርጥበት ስለሚስብ ቁራጮቹ በማግስቱ ያልባሉ።

ከፍታና ሙቀት

የውጭ አገር መመሪያዎች የስኳሩ ሽሮፕ 115 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይድረስ ይላሉ። ያ ቁጥር በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በደብረ ማርቆስ ደግሞ ወደ 92 ይወርዳል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ውሃው በአነስተኛ ሙቀት ተንኖ ስለሚያልቅ፣ በደብረ ማርቆስ 115 ዲግሪ የደረሰ ሽሮፕ ከሚፈለገው በላይ ደርቋል፤ ከስታርቹ ጋር ሲገናኝም ድድር ያለ ሎኩም ይወጣዋል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው መጀመሪያ በሚፈላ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቁጥሩን ይመልከት፤ በዚያ ላይ 15 ዲግሪ ይደምር። ይኸውም በባሕር ዳር 109፣ በደብረ ማርቆስ 107 ያህል ማለት ነው።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ምንም አልቀረበትም። ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ አቅርቦ ከሽሮፑ ጥቂት ጠብ ያድርግበት፤ በውሃው ውስጥ በጣት ሲሰበሰብ ለስላሳ ድቡልቡል ከሆነና ከውሃው ሲወጣ ቀስ ብሎ ጠፍጠፍ ካለ ደርሷል። የሚበተን ከሆነ ገና ነው፤ ከጠነከረ አልፏል፤ ጥቂት ሙቅ ውሃ ጨምሮ መመለስ ይቻላል። ይህ ፈተና ከፍታ ስለማያሳስተው እኔ ከመሣሪያው ይልቅ አምነዋለሁ።

ሽሮፑን ለማፍላት ወፍራም መቀመጫ ያለው ድስት ይመረጣል። ስኳሩን፣ 350 ሚሊ ሊትሩን ውሃና ሎሚውን አድርገው ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ ያማስሉ፤ አቧራ ወይም ፍርፋሪ ከታየበት በንጹሕ ሻሽ ያጥልሉት። መፍላት ከጀመረ በኋላ ማንኪያ አይግባበት። የድስቱ ጎን ላይ የተረጨውን ስኳር በእርጥብ ብሩሽ ወይም ጨርቅ ወደ ታች ያጥቡት፤ አንድ የደረቀ የስኳር ቅንጣት ተመልሶ ከወደቀ ሽሮፑ በሙሉ አሸዋ መስሎ ሊረጋ ይችላል። ሎሚው የሚገባውም ለዚሁ ነው፤ ኮምጣጣው ከስኳሩ ከፊሉን ወደ ሌሎች ሁለት የስኳር ዓይነቶች ስለሚሰብረው መልሶ እንዳይረጋ ያደርገዋል። ሆኖም ኮምጣጣ ስታርችንም ስለሚያቀጥን ሎሚ የሚወድ ሰው እጁን ይሰብስብ፤ ተጨማሪ የሎሚ ጣዕም የሚፈልግ የሎሚውን ልጣጭ ፍቆ በመጨረሻ ይጨምር።

ማማሰሉ

ሽሮፑ ሊደርስ ሲል በሌላ ትልቅ ድስት ስታርቹን በ700 ሚሊ ሊትሩ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጡት። ውሃው ሞቅ ካለ ስታርቹ ይጓጉላል። በመካከለኛ እሳት ላይ ጥደው፣ ከድስቱ ሥር እየጠረጉ ያለ ማቋረጥ ያማስሉ፤ መጀመሪያ ምንም የማይለወጥ መስሎ ቆይቶ በአንድ አፍታ ይወፍራል፤ ነጭነቱም ወደ ብርሃን አሳላፊነት ይለወጣል። ስታርቹ በውሃ ብቻ እንዲበስል የሚደረግበት ምክንያት አለ። ስኳር ውሃውን ስለሚሻማው ሁለቱ ከመጀመሪያው ከተቀላቀሉ ስታርቹ በሚገባ አይከፈትም፤ ጥሬ ጥሬ የሚል ሎኩምም ይሆናል።

ከዚያ እሳቱን ዝቅ አድርገው ሽሮፑን በቀጭኑ፣ በሦስት ወይም በአራት ጊዜ እያፈራረቁ ያፍስሱበት፤ ሌላ ሰው ቢያፈስና እርስዎ ቢያማስሉ ይሻላል። የሞቀ ሽሮፕ ከፈላ ውሃ ይበልጥ ያቃጥላል፤ ቆዳ ላይም ተጣብቆ ይቀራል፤ ስለዚህ ልጆች በዚህ ሰዓት ከምድጃው ይራቁ። ተረቱን የሚያነብላቸው ሰው በዚህ መካከል ሊወስዳቸው ይችላል፤ ጣፋጩ የሚገኝበት ክፍል እስኪያልቅ ማማሰሉ እንደማያልቅ ግን ይወቁት።

አሁን የሚቀረው ከአርባ አምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት በለሆሳስ እሳት ማማሰል ነው። ገንፎ ያገነፋ ሰው ይህን ሥራ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል፤ ያው መማሰያ፣ ያው ከሥር መጥረግ፣ ያው በእግር መካከል ይዞ መታገል ነው፤ ልዩነቱ ገንፎ በደቂቃዎች ሲያልቅ ይህኛው ትዕግሥት መፈለጉ ነው። ከሰል የሚጠቀም ሰው ፍሙ ካረጀ በኋላ አመድ አልብሶ ቢጥድ ከኤሌክትሪክ ምድጃ ይልቅ የተስተካከለ ሙቀት ያገኛል፤ መብራት ቢጠፋም አያሳስበውም። በኤሌክትሪክ ለሚሠራ ሰው ግን መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ድስቱን ከድኖ ማቆየትና ሲመጣ ሁለት ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጨምሮ መቀጠል ይቻላል፤ አይበላሽም።

ሲጀመር ነጭና ልቅ የነበረው ቀስ በቀስ ወደ ገረጣ የወርቅ ቀለም ይሄዳል፤ ይጠራል፤ መማሰያው ባለፈበት ፈለጉ ይቀራል። መድረሱ የሚታወቀው በሦስት ነገር ነው፤ ከድስቱ ጎን ተላቅቆ በአንድነት መዞር ይጀምራል፣ ከመማሰያው ሲንጠለጠል አይቆረጥም፣ በቀዝቃዛ ውሃ የገባ ጥቂት ቁራጭ ደግሞ በጣቶች መካከል ሲጫኑት ሳይጣበቅ ይመለሳል። ሦስተኛው ካልተሟላ ክንድ ቢደክምም አይውረድ። የሎኩም ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህች ከመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት ነው።

ሽታው የሚጨመረው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። የታወቀው የጽጌረዳ ውሃ ሲሆን፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ለመዋቢያነት የሚሸጠው ግን ለምግብ የተዘጋጀ መሆኑ ካልተጻፈበት በስተቀር አይገባም። ጽጌረዳ የሳሙና ሽታ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈለፈለና የደቀቀ ኮረሪማ ወይም ሁለት ማንኪያ በጣም የወፈረ የዘጌ ቡና ማድረግ ይቻላል። ቀለም የፈለገ ሰው ጥቂት ጠብታ የቀይ ሥር ጭማቂ ይጨምር፤ እሳት ላይ ሳለ ከገባ ግን ቡናማ ይሆናል። ለውዙም የሚገባው አሁን ነው።

መቁረጥና ማስቀመጥ

ትሪው በጥቂት የኑግ ሳይሆን ሽታ በሌለው ዘይት ይቀባ፤ ኑግ ጽጌረዳውን ይውጠዋል። ገና ትኩስ ሳለ ገልብጠው፣ በዘይት በተነካ ማንኪያ ጀርባ አስተካክለው፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ቢያንስ ከ8 እስከ 12 ሰዓት በክፍል ሙቀት ያሳድሩት። ማቀዝቀዣ ውስጥ አይግባ። ሎኩሙን የሚያረጋው ስታርቹ ሲቀዘቅዝ እርስ በርሱ መያያዙ ነው፤ ፍሪጅ ያንን ቢያፋጥንም ሲወጣ ከአየሩ እርጥበት ስቦ ላቡን ያፈስሳል።

በማግስቱ የዱቄት ስኳሩንና ስታርቹን ቀላቅለው ሰፌድ ወይም ሰፊ ትሪ ላይ በወንፊት ይንፉ። ሎኩሙን በላዩ ገልብጠው፣ በዘይት በተቀባ ስለታም ቢላዋ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ዘንጎች፣ ቀጥሎም በካሬ ይቁረጡት። ቢላዋው ወደ ታች ይጫን እንጂ እንደ መጋዝ አይሂድ። እያንዳንዱ ቁራጭ በስድስቱም ፊቱ ዱቄቱ ውስጥ ይንከባለል፤ አዲስ የተቆረጠው ገጽ ካልተሸፈነ ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል።

ሲቀርብ ከስኳር አልባ ቡና ጋር መሆኑ ይስማማዋል፤ ለአንድ ሰው ሁለት ቁራጭ ይበቃል። የስኳር ሕመም ያለበት እንግዳ ካለ አስቀድሞ ይነገረው፤ ለሕፃናትም ለውዝ ያለበት አይሰጥ፣ ያለ ለውዝ የሆነውም በትንንሹ ይከተፍላቸው፤ ተለጣጭ ነገር ጉሮሮ ይይዛልና። የሚያቀርበው ሰው በልጆቹ ፊት አንድ አንስቶ መጀመሪያ ራሱ ይብላ። ቀጥሎ ደግሞ ሰሃኑ በታላቅና በታናሽ ቅደም ተከተል ሁሉም ባለበት ይዙር፤ ጠንቋይዋ ኤድመንድን ያገኘችው ብቻውን ሳለ እንደነበር ትልልቆቹ ልጆች ራሳቸው ያስታውሱ ይሆናል።

የተረፈው በካርቶን ወይም በቆርቆሮ ሣጥን፣ በየድርድሩ መካከል ዱቄት እየተነሰነሰ ይቀመጣል። ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ላስቲክ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እርጥበቱን መልሶ ያስጠጣዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን መክደን ይገባል፣ አለዚያ ይደርቃል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል ሳይለወጥ ይቆያል። በክረምት፣ በተለይ በጣና ዳር ባሉ ቤቶች፣ የላዩ ዱቄት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሟሙቶ ቁራጮቹ ሊያብረቀርቁ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ በጨርቅ ላይ ዘርግቶ ግማሽ ቀን ማናፈስና በአዲስ ዱቄት እንደገና ማንከባለል ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ የሚሠራ ሰው በመንከባለያው ውስጥ የስታርቹን ድርሻ ከስኳሩ ጋር እኩል ቢያደርገው ይህን ድካም ይቀንሳል።